የአመዴ የዘር ቅል

በአንድ ወቅት፣ ስልክ ከመንገድ ቀድሞ ወደ ቆላ በወረደበት ዘመን፣ ጓንጉል አመዴ የሚባል የማሽላ ገበሬ ነበር። መንደሩ ጎርባ ትባላለች፤ ከወሎ ደጋ ቁልቁል ወርደው ወደ በረሃው ሳይደርሱ ያለች ናት። ጓንጉል ነገር አያበዛም። ሰላም ሲሉት በአገጩ ይመልሳል። ልጆቹ እንኳ መቆጣቱንና መውደዱን የሚለዩት ከዝምታው ዓይነት ነበር።

በጓንጉል ቤት ከምድጃው በላይ፣ ጢስ ባጠቆረው ወጋግራ ላይ፣ አንድ ትልቅ ቅል ተንጠልጥሎ ይኖራል። ጢሱ ነቀዝ ያርቃል። በቅሉ ውስጥ ያለው ዘር ቆይ-ልጄ የሚባል ማሽላ ነበር፤ በጎርባ ዘሩ የሚቀመጠው በዚህ ቅል ብቻ ነው። ያለፈው ዓመት እህል አልቆ የዘንድሮው ሳይደርስ፣ ከሌላው ማሽላ ሁሉ ቀድሞ የሚያሸተው እሱ ነው። እናቶች ለራበው ልጅ ማሳውን በጣታቸው እያሳዩ «ቆይ ልጄ» ይሉ ነበርና ስሙ በዚያው ቀረ። ቁመቱ ረጅም፣ ፍሬው ቀይ፣ ምርቱ መጠነኛ ነው። አንድ ነገር ግን ነበረው፤ አቀንጭራ አይደፍረውም። አቀንጭራ የማሽላን ሥር መጥጦ የሚያደርቅ፣ አበባው ግን ሐምራዊ ሆኖ ዓይን የሚስብ አረም ነው። ጓንጉል የሚያምር ነገር ሁሉ የማይወደው ከዚህ የተነሣ ነው ይሉታል።

ቅሉ ሕግ ነበረው። ሕጉን ያወጣው የጓንጉል አባት አመዴ ነው። «ቅሉ አይከፈልም። በአንድ ልጅ እጅ ይገባል። የያዘው ልጅ በመሬቱም በዘሩም ይወስናል፤ ሌላው ያደምጣል።» አመዴ ይህን ብሎ ሞተ። ጓንጉልም አምስት ወንድሞች እያሉት ቅሉን ተቀበለ፤ ወንድሞቹም አደመጡ።

ጓንጉል ሦስት ልጆች ወለደ፤ ታላቁ ይማም፣ መካከለኛዋ ጦይባ፣ ታናሹ ሙሄ። እናታቸው ሞተች። ይማም ከተማ ገባ። ጦይባ ወደ ዐረብ አገር ሄደች። ሙሄ ከበሬዎቹ ጋር ቀረ።

አንድ ዓመት አዲስ ዘር መጣ። ባሕር ማዶ የተዳቀለ ነው፤ ነጭ፣ አጭር፣ ራሱ እንደ ክርን የወፈረ። በከረጢቱ ላይ አንድ አረንጓዴ ቅጠል ተሥሏል። «ጎርባ ማሳዋን ገጥማ አንድ ዘር በአንድ ቀን ትዝራ፤ ምርቱ እጥፍ ይሆናል» ተባለ። ምርት እጥፍ ሲሆን የሚጠላ የለምና ሰዉ ተስማማ። ጓንጉልም ደቦ ጠራ።

ደቦ ጠርቶ ያላበላ ሰው በጎርባ ዕድሜውን ሙሉ ይታማል። ልጁ ሲዳር እንኳ «ያ የደቦው ረሃብ» ብለው ያነሡበታል። ጓንጉል ሃያ ሰው ጠብቆ ነበር፤ የላይኛውም መንደር ተጨምሮ አርባ መጣ። ቤት ውስጥ የሚጋግር የለም። ሙሄ በሬ ሊመልስ አጎቱ ዘንድ ወርዷል። የቀረው እህል ከግማሹ ሰው አያልፍም። ጓንጉል ምድጃው አጠገብ ብዙ ቆመ። ከዚያ ቅሉን አወረደና ቆይ-ልጄን አንድ ፍሬ ሳያስቀር ድስት ውስጥ ገልብጦ ንፍሮ ቀቀለው።

ሰዉ በላ። ጎረቤቱ አበጋዝ አፉን ሞልቶ፣ «ጓንጉል፣ ይሄ ንፍሮ ምን ገብቶበታል? እጅ ያስቆረጥማል እኮ!» አለ።

«ጨው» አለ ጓንጉል።

አሮጌውን ዘር የበሉ ሰዎች ተነሥተው አዲሱን ዘሩ። ጓንጉል ባዶውን ቅል መልሶ ሰቀለው። ሙሄ ሲመለስ ቅሉን አነሣና ቀለለው። «ዘሩስ?» ሲለው «ነቀዝ በላው» አለው። ጓንጉል በዕድሜው ከተናገረው ውሸት ልጆቹ ላይ የደረሰው ይህ ብቻ ነው። ቃል የማያበዛ ሰው ስለ ሆነ ማንም አልጠረጠረውም። እሱ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ንፍሮ ሲሸተው ከተቀመጠበት ይነሣ ነበር።

አዲሱ ዘር በመጀመሪያው ዓመት ጎተራ ሞላ። በሁለተኛውም ደህና ነበር፤ ብቻ ከራሱ ምርት ዘር አስቀምጠው ቢዘሩት ድንክ ሆኖ ወጣ። በየዓመቱ ከረጢቱን እንደገና መግዛት ግድ ሆነ። «ልጅ የማይወልድ እህል» አሉ ሴቶቹ። በሦስተኛው ዓመት አቀንጭራ መጣ። ሰዉ በእጁ ነቀለ፣ አቃጠለ፣ ረገመ። ቢነቅሉት ተመልሶ ይበቅላል። በዚህ ጊዜ ሽማግሌዎቹ «ቆይ-ልጄ ቢኖር» ማለት ጀመሩ። ጓንጉል ይህን ሲሰማ ጋቢውን ተከናንቦ ይሄዳል።

አሁን ሦስቱ ልጆች ያደረጉትን ስሙ።

ይማም በከተማ፣ አንድ ፎቅ ላይ፣ ከኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ የሚሠራ ነበር። የሚመጣለት ከሰማይ የተነሣ ሥዕል ነው። በሥዕሉ ላይ ምልክት ያደርጋል፤ ይህ መንገድ ነው፣ ይህ ዛፍ ነው፣ ይህ የለማ ማሳ ነው፣ ይህ የደረቀ ነው። ባሕር ማዶ ያለ ማሽን ከሱ ምልክት እየተማረ ማየት ይለምዳል። ይማም ይህን ለአባቱ ሲያስረዳ፦

«እና ዕውር ታስተምራለህ» አለ ጓንጉል።

«እንዲያ በሉት፣ አባ።»

«ዓይኑ ሲበራ ያውቅሃል?»



ይህ ይማም ነው ከልጅነቱ የሰማውን ያስታወሰው። በአያቱ ዘመን አንድ ፈረንጅ በበቅሎ መጥቶ ከየቤቱ እፍኝ እፍኝ ዘር እየለመነ በፖስታ አሽጎ ወስዷል ይባላል። ይማም በፈረንጅ አገር ያሉ የዘር ማከማቻዎችን መዝገብ ይፈልግ ገባ። ከሺህ ሥዕል መካከል አንዱን መለየት የለመደ ዓይን ነውና ሁለት ወር ሙሉ መዝገብ አነበበ። አንድ ቀን የጎርባ ስም ተጣሞ፣ የቆይ-ልጄም ስም ተሰባብሮ ተጽፎ አገኘው። ደብዳቤ ጻፈ፤ «ጥያቄዎ ደርሶናል» የሚል መጣ። እንደገና ጻፈ፤ ያው መጣ። ሰው የሆነ ሰው እስኪመልስለት ድረስ ጻፈ። በመጨረሻ፣ «በፖስታ አንልክም፤ ከቤተሰቡ አንድ ሰው መጥቶ ፈርሞ ይውሰድ» አሉት። በዚያው ሳምንት የሥራው ኮምፒውተር ራሱ «ይህ ሠራተኛ የሥራ ሰዓቱን ለሌላ ጉዳይ አውሏል» ብሎ ከሰሰውና ይማም ከሥራ ወጣ። ማሽን ሲያስተምር የኖረውን ማሽን አጋለጠው።

ለአባቱ ደውሎ ሲነግረው፣ መዝገቡ ላይ ዘሩን ማን እንደ ሰጠ የሚል ቦታ እንዳለ ነገረው።

«ማን ይላል?» አለ ጓንጉል።

«ያልታወቀ ገበሬ።»

ጓንጉል ስልኩን ከጆሮው አርቆ አየው፤ የሞተ አይጥ እንደ ያዘ ሰው። «ያልታወቀ? ቤቱ ገብቶ፣ ወተቱን ጠጥቶ፣ ዘሩን ይዞ ሄዶ?» አለና ስልኩን ለሙሄ ሰጠ።

ጦይባ በዐረብ አገር በአንድ ባለጸጋ ቤት ልጅ የምታጥብ፣ ወለል የምትወለውል ነበረች። በዚያ በጋ እመቤቲቱ ሙቀት ሽሽት ወደ ቀዝቃዛው አገር ስትሄድ ልጆቹን እንድትይዝ አስከተለቻት። ያ አገር ዘሩ ያለበት አገር ሆኖ ተገኘ። ይማም ደወለላት።

«እዚያው አገር ገብተሻል አሉ።»

«አገሩስ እሱ ነው። እኔ ያለሁት ግን ወጥ ቤት ነው።»

«ሁለት ባቡር ነው፣ እቴ። አንድ ቀን ይበቃል።»

«ቀን ቢኖረኝማ እተኛበት ነበር» አለችው ጦይባ።

ውሏ ሊያልቅ ሁለት ወር ቀርቶታል። የሁለት ዓመት ላቧ የሚከፈላት ውሉ ሲያልቅ ነው። ፓስፖርቷ ያለው በእመቤቲቱ ቦርሳ ውስጥ ነው። ጦይባ እመቤቲቱ ጌጥ ስትመርጥ በዋለችበት ቀትር፣ የራሷን ፓስፖርት ከሰው ቦርሳ ሰርቃ ወጣች። ቋንቋውን አታውቅም። ይማም በስልክ የላከላትን የጣቢያ ሥዕል እያሳየች ሁለት ባቡር ቀየረች። ማከማቻው ዘንድ ስትደርስ አንዲት ነጭ ካፖርት የለበሰች ሴት፣ ሬሳ ከሚቀመጥበት በሚብስ ቅዝቃዜ ውስጥ ገብታ፣ መዳፍ የምታክል እሽግ አወጣችላት። ጦይባ ፈረመች። ፈቃዱን፣ ማኅተሙን፣ ሁሉን ተቀበለች። ስትመለስ ፖሊስ በር ላይ ቆሟል። እመቤቲቱ «ሌባ» ብላ ከሳታለች። ላቧ እዚያው ቀረ፤ የገዛችው የጆሮ ወርቅም እዚያው ቀረ። «ኮብላይ» ተብላ ስሟ ተመዘገበና ሁለተኛ ወደ የትም አገር ሄዳ ሠርታ እንዳታድር ሆነ። ተባርራ፣ የለበሰችውንና እሽጉን ይዛ በአውሮፕላን ወደ አገሯ ተመለሰች።

ጓንጉል ከአውቶቡስ ስትወርድ ጠበቃት። እሽጉን ዘረጋችለት።

«ይኸው፣ አባ።»

እሽጉን አላየም። እሷን አየ። «ከስተሻል» አለ። 

ሙሄ እሽጉን ተቀበለ። ውስጡ ሁለት መቶ የማይሞላ ፍሬ ነበር፤ ብርድ ውስጥ ስንት ዘመን የተቀመጠ። ከጓሮ አንድ መደብ አበጅቶ ዘራው። አሥራ ዘጠኝ በቀለ። ሙሄ ከወንዝ በጀሪካን ውኃ በትከሻው እያመላለሰ ለያንዳንዱ ችግኝ በጣሳ አጠጣ። ወፍ እንዳይነካው ከማለዳ እስከ ምሽት ወንጭፍ ይዞ ዋለ። አሥራ ዘጠኙ ራስ ሊያወጡ ሲሉ፣ በዙሪያው ያለው የራሱ የቤቱ ማሳ፣ ያ አጭሩ ነጭ ማሽላ፣ አብሮ አበባ ሊይዝ ደረሰ። አቀንጭራ ግማሹን ቢበላውም ለዓመቱ እንጀራ የቀራቸው እሱ ብቻ ነበር። ሙሄ የአበባው ብናኝ በነፋስ መጥቶ ቆይ-ልጄን ይደባልቃል ብሎ ፈራ። ማጭድ አንሥቶ የዓመቱን እህል እርጥቡን አጭዶ ለከብት ጣለው።

መንደሩ መጥቶ ቆሞ አየው። «ሙሄ አበደ» አሉ። አበጋዝ ደግሞ «ለአሥራ ዘጠኝ አገዳ ብሎ! ቁጠሩት እስቲ፣ አሥራ ዘጠኝ!» እያለ ጣቱን እያጠፈ አሳቃቸው። ጓንጉልም መጥቶ ቆመ። ልጁ የሚያጭደው ምን እንደ ሆነ፣ ስለ ማን ጥፋት እንደሚያጭድ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው። አላስቆመውም፤ አላገዘውምም። ጀርባውን ሰጥቶ ሄደ። ያን ዓመት ቤቱ በጎመንና በበለስ ከረመ። ሙሄ ያጫት ልጅ ቤተሰቦችም «እህል የሚያጭድ እብድ ለልጃችን አይሆንም» ብለው ጥሎሹን መለሱ። ልጅቱ ሌላ አገባች። ሙሄ ሠርጉ ዕለት ወፍ ሲጠብቅ ዋለ።

አሥራ ዘጠኙ አገዳ ቁና ሆነ። ቁናው መደብ፣ መደቡ ማሳ ሆነ። ሙሄ በዘራ በሦስተኛው ዓመት ጎርባ በሙሉ ሐምራዊ አበባ ለበሰች፤ የአቀንጭራ አበባ። ከላይ ቆሞ ለሚያይ ሠርግ ቤት ትመስላለች። በመካከሏ የጓንጉል ማሳ ብቻ ቀይ ራሱን ቀና አድርጎ ቆሟል።

ያኔ ሰው መምጣት ጀመረ። ትናንት «ሙሄ እብዱ» ያለው ሁሉ «ሙሄ ጌታዬ» እያለ ከረጢቱን በብብቱ ይዞ ይመጣል። አበጋዝ ራሱ መጣ።

«ጓንጉል ወንድሜ፣ ድሮም እኮ ያንተ ቤት ዘር ጣዕሙ ልዩ ነው።»

አበጋዝ ጣዕሙን ከየት እንደሚያውቀው ጓንጉል ያውቃል።  «ሂድ፣ አሁን አልሰጥም» አለው።

ከሰዉ ኋላ ነጭ መኪና መጣ። ከመኪናው አንድ ፈረንጅና አንድ ሹል ጫማ ያደረገ አስተርጓሚ ወረዱ። በሁለቱም ቆብ ላይ አንድ አረንጓዴ ቅጠል ተሥሏል። ጓንጉል ቅጠሉን አወቀው፤ የከረጢቱ ቅጠል ነው። ያን ልጅ የማይወልድ እህል የሸጠው እጅ አሁን የሚወልደውን ፈልጎ መጥቷል። ፈረንጁ አንድ ፍሬ ፈልፍሎ በጥርሱ ሰበረ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ከዚያ እጁን በእርጥብ ወረቀት ጠረገና ወረቀቱን ማሳው ውስጥ ጣለው። ጓንጉል ጎንበስ ብሎ ወረቀቱን በሁለት ጣቱ አነሣና ወደ መኪናው ወረወረው።

«ፋዘር፣ ከሰማይ አየናችሁ!» አለ አስተርጓሚው በደስታ።

«ማን አየ?»

«ሳተላይት ነዋ። አገሩ ሁሉ ደርቆ የእርስዎ ማሳ ብቻ ለምለም ሆኖ ታየን።»

«ስንራብስ» አለ ጓንጉል፣ «ደመና ነበር?»

አስተርጓሚው ሳቀ፤ ለፈረንጁ ግን አልተረጎመለትም።

ያመጡት ውል ይህ ነው። የዘሩ ባለቤት የሆነ አንድ ሰው ይፈርማል። የፈረመው ሰው ወደ አገራቸው ሄዶ ይማራል፤ እዚያው በዘር ጣቢያቸው ሥራ ይይዛል። ለጎርባ የውኃ ሞተር ይተከላል። ዘሩ ግን በቅጠሉ ድርጅት ስም ይጻፋል። ጎርባ ለራሷ ምግብ ትዝራ፤ ለሌላ መንደር፣ ለሌላ አገር እፍኝ ዘር መስጠት ግን አይቻልም። «የሚፈርመው አንድ ሰው ይሁን፣ ሁለት ፊርማ ሲስተሙ አይቀበልም» አለ አስተርጓሚው። «ሐሙስ ረፋድ እንመለሳለን፣ ፋዘር።»

«ፋዘርህ ሌላ ቦታ ነው» አለ ጓንጉል።

ሐሙስ ጠዋት ከቤቱ ደጅ ካለው ዋርካ ሥር ሰው ተሰበሰበ። ሸህ ጀውሃር፣ የጎርባን ነገር ሁሉ የሚፈርዱት ሽማግሌ፣ ቁርበት ተነጥፎላቸው ተቀመጡ። ጓንጉል የአባት ቦታ በሆነው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ቅሉ ዳግመኛ ሞልቶ በመካከል ቆመ። ቅሉን የሚወርሰው ልጅ ውሉን ይፈርማል ወይም ይቀድዳል፤ ጎርባም፣ ሌላውም መንደር፣ ዘሩም በሱ ቃል ያድራሉ። ሦስቱም ተናገሩ።

ይማም፦ «ያልተጻፈ ነገር የማንም አይደለም። ቀሪው ዘር አሁንም በዚያ ብርድ ቤት አለ፤ እኛ ባንፈርም በሌላ በር ገብተው ይወስዱታል። ወረቀታቸውን የማነብላችሁ እኔ ብቻ ነኝ። ተከራክሬ አስለውጠዋለሁ። የአያቴን ስም አጽፋለሁ። መዝገቡን አገላብጬ ያን «ያልታወቀ ገበሬ» ያገኘሁት እኔ ነኝ።»

ጦይባ፦ «እኔ ድንበር ተሻግሬ የመጣሁት ለአንድ ቤት አይደለም። ለአንድ ድርጅትም አይደለም። ቅሉን ስጡኝ፤ ዛሬውኑ ለመጣ ሁሉ እፍኝ እፍኝ እሰጣለሁ። የላይኛውም የታችኛውም መንደር ይዝራው። ከተበተነ በኋላ የሚለቅም ካለ ይልቀም። ላቤን የሰጠሁበት ነው፤ የበላሁበት የለም።»

ሙሄ፦ «አልፈርምም። አልበትንምም። የተሰጠውን ዘር ስንቱ ይጠብቃል? ዘንድሮ የሚለምነው ከርሞ ይሸጠዋል። መጀመሪያ ጠባቂ፣ ከዚያ ዘር። እጮኛዬን የከፈልኩበት ነው።»

ይህን ብለው ቢያበቁ ጥሩ ነበር። አላበቁም።

«መንገዱን ማን ነገረሽ? እኔ ባልፈልገው ዛሬም ወለል ትወለውይ ነበር» አለ ይማም ለእኅቱ።

«አንተ ከወንበር ሳትነሣ ነው የፈለግኸው፤ ፓስፖርት የሰረቅሁት እኔ ነኝ» አለች። ወደ ሙሄም ዞራ፣ «አንተስ እጅህ ላይ ያኖሩልህን ነው የዘራኸው።»

ሙሄ ለእኅቱ ሳይመልስ ወደ ይማም ዞረ። «አንድ ነገር ልጠይቅህ። ይህ የለማ ማሳ ነው፣ ይህ የደረቀ ነው እያልክ ምልክት የምታደርገው ለማን ነበር?»

«ለማሽን።»

«ያ ማሽን ነዋ ከሰማይ ያየን። ዓይን የሰጠኸው አንተ ነህ።»

 ሰዉ አጉረመረመ። ጓንጉል የሚሰማው ሁሉ እንደ ከረመ ወጥ ቀፈፈው። የልጆቹ ክርክር ቀፈፈው፤ ሦስቱም እውነት ይናገራሉና ይበልጥ ቀፈፈው። ከዛፉ ሥር ከረጢታቸውን አጥፈው የቆሙት ጎረቤቶቹ ቀፈፉት። ከሁሉ ይልቅ የተቀመጠበት ድንጋይ ቀፈፈው።

ሸህ ጀውሃር እጃቸውን አነሡ። «ቁስል ሳይታይ መድኃኒት አይታዘዝም። እስቲ ከሥሩ እንጀምር። ዘሩ መጀመሪያ እንዴት ጠፋ?»

«ነቀዝ በላው» አሉ ሦስቱም ልጆች ባንድ አፍ። በጠዋቱ የተስማሙበት ነገር ይህ ብቻ ነበር።

 ሰዉ የጓንጉልን ዝምታ ለምዶታልና ማንም አልጠበቀውም። ሸሁ ወደ ሌላ ጥያቄ ሊያልፉ ሲሉ፦

«ነቀዝ አይደለም» አለ ጓንጉል።

«ታዲያ?»

«እኔ ነኝ። ቀቀልኩት።»

ጦይባ ቀስ ብላ ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች። ሙሄ እጁን፣ ያን ማጭድ ይዞ እርጥብ እህል ያጨደበትን እጁን፣ ገልብጦ አየው። ይማም «አባ?» ብቻ አለ።

«ደቦ ጠርቼ እህል አነሰኝ። ልታማ ነው ብዬ ፈራሁ። ለሐሜት ብዬ የአባቴን ዘር አፈላሁት።» ጓንጉል ይህን ያህል ሲናገር የሰማው ሰው በጎርባ የለም። ወደ ጎረቤቶቹ ዞረ። «እናንተም በላችሁት። ከዚያ ተነሥታችሁ የቅጠሉን ዘር ዘራችሁ።»

አበጋዝ ፊቱ ተለወጠ። «ያ... ያ ንፍሮ?»

«ያ ንፍሮ።»

«ጨው ነው ብለኸኝ!»

ጓንጉል ወደ ጎን እንትፍ አለ፤ በሱ ይሁን በራሱ አልታወቀም። ከዚያ ከአባት ድንጋይ ተነሣና ወርዶ፣ ተከሳሽ በሚቀመጥበት በባዶው መሬት ላይ ተቀመጠ። «እኔ አልፈርድም። ዘሩን የበላ አፍ በዘሩ አይፈርድም። ሸህ ጀውሃር ይፍረዱ።»

ሁሉም ወደ ሸሁ ዞሩ። 

«እኔም ነበርኩ» አሉ ሸህ ጀውሃር። «ሁለት ጊዜ ነው ያስጨመርኩት።» ከቁርበታቸው ተነሥተው መጥተው ከጓንጉል አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጡ። አበጋዝም መጣ። አንድ ባንድ ያ ደቦ የበላ ሁሉ መጥቶ ተቀመጠ። ከዋርካው ሥር ቆመው የቀሩት ሦስቱ ልጆች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ተከራካሪዎች ናቸው። የአባት ድንጋይ ባዶ ሆነ። በመካከል ቅሉ አለ። ከታች፣ ከደረቁ ወንዝ ማዶ፣ የነጩ መኪና አቧራ ወደ ላይ ሲመጣ ይታያል።

ይህን የሰማችሁ እናንተ ግን ከዚያ ንፍሮ አልቀመሳችሁም፤ በጎርባ የታጣው ያልበላ ዳኛ ነው። ይማም ባይፈልገው ዘሩ የት እንዳለ የሚያውቅ አልነበረም፤ ከሰማይ ላየው ማሽንም ዓይን ከሰጡት አንዱ እሱ ነው። ጦይባ ባታመጣው ያልታወቀው ገበሬ ዘር ብርድ ቤት ውስጥ በቀረ ነበር፤ እሷ ብትበትነው ግን የሰዉን አያያዝ አይታችኋል። ሙሄ ባያጭድ አሥራ ዘጠኙ ተደባልቀው በጠፉ ነበር፤ እሱ ቢዘጋበት ግን ማሳው ሐምራዊ አበባ የለበሰበት ጎረቤት ምን ይበላል? ቅሉ አይከፈልም፣ አመዴ ብሏል። ኑና ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። አቧራው ደጁ ሳይደርስ ተናገሩ፤ ቅሉ ለማን ይገባል?